የሚፈራውን እጁን እንያዘው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የሚያስቅ ይመስል ይሆናል። እኛም አስቀድመን የሳቅንበት ነገር ነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ሳቃችን ከተጸጸትን በኋላ ነው። ጉዳዩም በአውሮፕላን መሳፈርን መፍራት ነው።

«ይህ ደግሞ የመንፈሳዊ ጽሑፍ ርእስ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ አዎን ነው እንላለን። ፍርሃት የሰውን ልብ ሲይዝ ጸሎቱንም፣ ተስፋውንም፣ ለወገኖቹ ያለበትንም ግዴታ አብሮ ይይዛልና። ከዚህም በላይ የሚፈራውን ሰው የምንቀበልበት መንገድ የፍቅራችን ልክ የሚታይበት መስተዋት ነው። እኛ በዚህ መስተዋት ፊታችንን አይተን አፍረናል። ያየነውንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። ከመዘምራኑ መካከል ለአንዲት እኅታችን፣ አባቷ በጎንደር በጠና መታመማቸውን የሚገልጽ ስልክ ተደወለላት። አጎቷ ወዲያውኑ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጡላት። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ በመኪና ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በአውሮፕላን ግን የአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ ነው። በዚያው ዕለት ማታ ከመዝሙር ልምምድ በኋላ ወደ እኛ ቀረብ አለችና፣ «እኔ አውሮፕላን መሳፈር አልችልም፤ ገና ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ምን ይሻለኛል?» አለችን።

እኛስ ምን መለስንላት? አንዱ ወንድማችን «ፈሪ ለእናቱ» ብሎ ተረተባትና ሁላችንም ሳቅን። ሌላው «እምነትሽ ወዴት አለ? ዘማሪት ሆነሽ ሞት ትፈሪያለሽ?» አላት። ሦስተኛዋም ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሳ፣ እግዚአብሔር መላእክቱን ስለሚያዝልሽ ምንም አትሆኚም አለቻት። እኅታችን ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እሺ፣ ጸልዩልኝ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስለ ፍርሃቷ ለማንም አልተናገረችም።

በማግሥቱ ማለዳ ቦሌ ደረሰች። ፍተሻውን አለፈች። እስከ መሳፈሪያው በር ድረስም ሄደች። ተሳፋሪዎች ሲጠሩ ግን ጉልበቷ ከዳት፤ ልቧ በኃይል ይመታ ጀመር፤ ትንፋሽ ያጠራት መሰላት። ከሰልፉ ወጥታ ተመለሰች። ወደ እኛ አልደወለችም፤ እንደምንስቅባት ታውቅ ነበርና። በነጋታው ጎሕ ሳይቀድ በአውቶቡስ ተሳፈረች። ከአባቷ ቤት ስትደርስ አባቷ ዐርፈው ቀብራቸው ተፈጽሞ፣ ሰዎች ከድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ነበር።

ከኀዘን ከተመለሰች በኋላ ልናጽናናት ሄድን። አልተቆጣችንም። አንድ ነገር ብቻ አለችን፦ «ያን ማታ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ‹አብሬሽ እሄዳለሁ› ቢለኝ ኖሮ እሳፈር ነበር።»

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ቃል ከብዙ ስብከት ይልቅ ልባችንን ወጋው። ከዚያም ቀን ጀምሮ ሦስት ጥያቄዎችን ስንጠይቅ ቆየን። ፍርሃቷ ምክንያት ነበረውን? መልሳችን ትክክል ነበርን? ምንስ ማድረግ ይገባን ነበር?

ከመጀመሪያው እንነሣ። ፍርሃቷ እንዲያው ከባዶ የመጣ አልነበረም። ሁላችንም እንደምናስታውሰው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። ያ ዕለት እሑድ ነበር። የዐቢይ ጾም ሁለተኛው እሑድ ቅድስት ነበር። ብዙዎቻችን ከቅዳሴ ወጥተን ገና በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳለን ነው ወሬውን የሰማነው። ከሳምንት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በሰንደቅ ዓላማ የተሸፈኑ ባዶ የሬሳ ሣጥኖች ተደርድረው ሲለቀስ አይተናል። እኅታችን ቲኬት የተቆረጠላት ከዚህ ኀዘን በኋላ ስምንት ወር ሳይሞላ ነው። ታዲያ እጇ ቢንቀጠቀጥ ምን ያስገርማል?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ መልሳችን ትክክል እንዳልነበረ ማወቅ ያለብን ከዚሁ ኀዘን ነው። «እምነት ካለሽ ምንም አትሆኚም» ስንላት ሳናስተውለው ምን እንደተናገርን ተመልከቱ። በዚያች አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት እምነት ስለጎደላቸው ወደቁ ማለታችን ነበር። ከእነርሱ መካከል ጸሎተኛ አልነበረም፣ በልቡ ስመ እግዚአብሔርን የሚጠራ አልነበረም ብሎ የሚደፍር ማን ነው? ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎች በተናገረ ጊዜ፣ እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች አለመሆናቸውን በግልጽ አስተምሯል (ሉቃ. 13)። የወደቀበት ሁሉ እምነተ ቢስ፣ የተረፈም ሁሉ ጻድቅ አይደለም። እኛ ግን እኅታችንን ለማጽናናት ብለን በሙታኑ ላይ ፈረድን።

ይህም ብቻ አይደለም። ያ መላእክትን የሚያነሣው የመዝሙር ቃል ሌላ ጊዜ ከከፍታ ቦታ ላይ ተጠቅሶ እንደነበረ አስታውሱ። ማን ነበር የጠቀሰው? በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ጌታችንን ያቆመው ፈታኙ ነበር (ማቴ. 4)። ቃሉ የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ አጠቃቀሙ ግን የፈታኙ ነበር። ፈታኙ ተስፋውን እንደ ዋስትና ወረቀት አድርጎ አቀረበው፤ ጌታችን ግን እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም ብሎ መለሰው። እንግዲህ መጽሐፍን መጥቀስ ሁልጊዜ ማጽናናት አይደለም። የሰውን ጭንቀት ሳይሰሙ ጥቅስ መወርወር በድንጋይ እንደ መወርወር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «መፍራት ራሱ ኃጢአት አይደለምን?» ይል ይሆናል። ጌታችን በጌቴሴማኒ በጸለየ ጊዜ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወደ ምድር መውረዱን ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል (ሉቃ. 22)። ስለ እኛ ሥጋችንን በእውነት የለበሰ አምላክ ጭንቀታችንን አልናቀም። ልብ በኃይል መምታቱ፣ እጅ ማላቡ፣ ጉልበት መክዳቱ የሥጋ ተፈጥሮ ነው፤ አደጋ ሲመጣ እንድንሸሽ ፈጣሪ የሰጠን የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ችግሩ ይህ ደወል አንዳንድ ጊዜ በማያስፈልግበት ቦታ መደወሉና በሚያስፈልግበት ዝም ማለቱ ነው።

ለዚህም ምስክራችን እኅታችን ራሷ ናት። በአውቶቡስ ስትሄድ የዓባይን በረሃ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለትና ዳገት፣ እንቅልፍ ወስዷት እንዳለፈችው ነግራናለች። መንገዳችን በየዓመቱ ስንት ሰው እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም አውቶቡስ ለመሳፈር ጉልበቱ የሚከዳው ሰው አላየንም። ልማድ አደጋውን ይሸፍነዋል፤ እንግዳነት ደግሞ ደኅናውን ነገር አስፈሪ ያደርገዋል። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው የአባቶች ተረት አለ። ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። እኅታችን የፈራችው አልደረሰባትም። የደረሰባት ያላሰበችው ነው፤ አባቷን ሳትሰናበት መቅረቷ ነው።

ስለዚህ ለመማር ወሰንን። ከምእመናን መካከል በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ረጅም ዘመን የቆዩ አንድ አባት ነበሩና፣ በአንድ እሑድ ከመርሐ ግብር በኋላ እንዲያስረዱን ለመንናቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው መጡ። ያስተማሩንን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ የጠየቅናቸው ስለ መናወጥ ነው። አውሮፕላን በአየር ላይ ሲንገጫገጭ የሚወድቅ ይመስለናል። እሳቸው ግን እንዲህ ሲሉ አስረዱን። አየር ባዶ ነገር አይደለም፤ እንደ ውኃ የሚሸከም ነገር ነው። በጣና ላይ የምትሄድ ጀልባ ማዕበል ሲነካት ከፍ ዝቅ ትላለች እንጂ ውኃው ከሥሯ አይጠፋም። በአየርም ላይ እንደዚሁ ነው። በተለይ በአገራችን በቀትር ፀሐይ የጋለው ተራራና ሜዳ አየሩን ወደ ላይ ስለሚገፋው መንገጫገጭ የተለመደ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ የሚተጣጠፈውም ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ እንዳይሰበር ሆን ተብሎ እንዲተጣጠፍ የተሠራ ነው። ሕጉ እንደሚያዝዘው ክንፉ በሥራ ላይ ሊገጥመው ይችላል ተብሎ ከተገመተው ከፍተኛ ጫና አንድ ተኩል እጥፍ መሸከም አለበት። በ1995 እ.ኤ.አ. የቦይንግ 777 ክንፍ እስኪሰበር ድረስ በተፈተነ ጊዜ የተሰበረው ከከፍተኛው ጫና 154 በመቶ ሲደርስ ነው። በመናወጥ ጊዜ ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ቀበቶውን ስላላሰረ ነው። ስለዚህ የቀበቶው ምልክት ቢጠፋም እንኳ ተቀምጠን ሳለን ቀበቶን አለመፍታት ብልህነት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄያችን «ሞተሩ ቢጠፋስ?» የሚል ነበር። ሁለት ሞተር ያለው የመንገደኛ አውሮፕላን በአንዱ ብቻ በሰላም በርሮ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሁለቱም ቢጠፉ እንኳ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ ክንፉን ዘርግቶ እንደሚንሳፈፍ አሞራ ቀስ እያለ ይወርዳል። በ1983 እ.ኤ.አ. በካናዳ አንድ ቦይንግ 767 በመለኪያ ስሕተት ምክንያት ነዳጁ በሰማይ ላይ አልቆበት፣ ያለ ሞተር ተንሳፍፎ በአንድ አሮጌ የአየር ኃይል ማረፊያ ላይ አርፏል። ከተሳፋሪዎቹ አንድም የሞተ የለም።

ሦስተኛው ስለ ድምፆች ነው። የማያውቁት ድምፅ ያስፈራል። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ከሥር የሚሰማው ጓ የሚል ድምፅ ጎማው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው። ጥቂት ቆይቶ የሞተሩ ጩኸት ሲቀንስ ሞተሩ የጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን ለመነሣት ያስፈለገው ኃይል ስለማያስፈልግ አብራሪዎቹ ቀንሰውት ነው። የደወል ድምፅ ቢሰማ ብዙውን ጊዜ አስተናጋጆች እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ ነው። ከቦሌ ሲነሣ በመንደርደሪያው ላይ ረጅም መሮጡም ጭነት ስለከበደው ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ክንፉም በቂ አየር ለመያዝ ይበልጥ መፍጠን አለበት። እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር ነገሩን። በትልልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ የሚደረገው የአየር ግፊት እጅግ ቢቀንስ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚተካከል ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ልጅ በሰማይ ላይ የሚተነፍሰው የሰፈሩን ያህል አየር ነው ማለት ነው። እኅታችን ይህን ስትሰማ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በመጨረሻም ያን ከባድ ጥያቄ እርሷ ራሷ ጠየቀች፦ «ታዲያ 302 ለምን ወደቀ?» እሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና እውነቱን ነገሩን። በአውሮፕላኑ ላይ አንድ የመለኪያ መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ ሰጠ። ያን መረጃ አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ደጋግሞ የሚደፋው የኮምፒውተር ሥርዓት አብራሪዎቹን አሸነፋቸው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያም ተመሳሳይ አውሮፕላን በዚሁ ዓይነት ምክንያት ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱ አደጋዎች በድምሩ 346 ነፍሳት ጠፍተዋል። ይህ የሰው ስሕተት ነው፤ የእግዚአብሔር ቁጣም፣ የተሳፋሪዎቹ የእምነት ማነስም አይደለም። ከዚያ በኋላ ያ የአውሮፕላን ዓይነት በዓለም ሁሉ ታግዶ፣ ሥርዓቱ በአንድ መለኪያ ብቻ ሳይሆን በሁለት እንዲመራ ተደርጎ፣ አብራሪዎችም እንደገና ሠልጥነው ነው ወደ ሥራ የተመለሰው። አገራችንም በጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. መልሳ አብርረዋለች። ሙታኑን የሚመልስ የለም። ነገር ግን በአየር ጉዞ ሥራ ዘንድ አንድ መልካም ልማድ አለ፤ እያንዳንዱ አደጋ ተመርምሮ ሌላው እንዳይደገም ይማሩበታል። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ከ2018 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በመንገደኛ አውሮፕላን ከተሳፈሩት በየ13.7 ሚሊዮን መሳፈር አንድ ሞት ይደርስ ነበር። በ1968 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ግን ይኸው በየ350,000 መሳፈር አንድ ነበር። ከላይ ያልናቸው ሁለት አደጋዎች የደረሱት በእነዚያው በኋለኞቹ ዓመታት ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ።

አንዳንዱ ወንድም ይህን ሁሉ ሲሰማ፣ «በአብራሪና በብረት ከመታመን በእግዚአብሔር መታመን አይሻልምን?» ይል ይሆናል። መልሱን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 እንፈልግ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲሄድ በመርከቧ ላይ 276 ነፍሳት ነበሩ። ዐሥራ አራት ሌሊት ማዕበል አንገላታቸው። መልአክ ለጳውሎስ ተገልጦ ከመርከቧ በቀር ከሰዎቹ አንድም እንደማይጠፋ ነገረው። ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ አለ? ሆኖም መርከበኞቹ በጀልባ ሊያመልጡ ባሰቡ ጊዜ፣ ጳውሎስ ለመቶ አለቃው እነዚህ ካልቀሩ ልትድኑ አትችሉም ብሎ አስጠነቀቀ። የመልአክ ቃል በእጁ ሳለ የመርከበኛን ሙያ አልናቀም። ከዚያም እንጀራ አንሥቶ፣ አመስግኖ፣ በሁሉ ፊት በላ፤ ሌሎቹም ተጽናንተው በሉ። እንግዲህ የአብራሪው ጥበብ፣ የጥገና ሠራተኛው ጥንቃቄ፣ የቀበቶው ማሰሪያ ከእግዚአብሔር ቸርነት ውጪ አይደሉም።

በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ቅዱስ ሉቃስ የመርከቧን ታሪክ የሚተርከው «እኛ» እያለ ነው፤ እርሱም በመርከቧ ላይ ነበርና። የመዳን ተስፋ ሁሉ ተቆርጦባቸው እንደነበረ ሲጽፍ ራሱን ከዚያ አልለየም። ወንጌልን የጻፈ ቅዱስ ተስፋ የመቁረጥን ሰዓት በ«እኛ» ተናገረ። እኛስ «አንቺ ፈሪ» ብለን ጣታችንን የምንቀስረው ከማን በልጠን ነው?

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን። ምን ማድረግ ይገባን ነበር? ይህን የሚያስተምረን የጴጥሮስ ታሪክ ነው (ማቴ. 14)። ጴጥሮስ በባሕር ላይ እየተራመደ ነፋሱን ባየ ጊዜ ፈራ፤ መስጠምም ጀመረ፤ ጮኸም። ጌታችን የእምነቱን ማነስ እንደገሠጸው ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚህ ቃል ሌሎችን ለመገሠጽም እንቸኩላለን። ግን ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ጌታችን አስቀድሞ እጁን ዘረጋ፤ ያዘውም። የገሠጸው ከያዘው በኋላ ነው። ከሩቅ ቆሞ አልገሠጸውም። እየሰጠመም እንዲያስረዳ አልጠየቀውም። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ተግሣጽ። እኛ ግን ተግሣጹን ሰጥተን እጁን ነፈግን።

ስለዚህ በኅዳር ወር የአባቷ የአርባ ቀን ተዝካር ሲደርስ፣ ከኪሳችን አዋጥተን ሁለታችን አብረናት ተሳፈርን። የሆነውን ሳናሳምር እንንገራችሁ። ፍርሃቷ አልጠፋም ነበር። በመሳፈሪያው በር ላይ ቆማ አለቀሰች። እኛም «አይዞሽ» ከማለት በቀር ምንም አልጨመርንም፤ እጇን ያዝን። መናወጥ ያነሰበት ነው ስለተባለ ከክንፉ አጠገብ ተቀመጥን። ለአስተናጋጇ ፍርሃቷን ነገርናት፤ እርሷም ሁለት ጊዜ መጥታ ጠየቀቻት። አራት እየቆጠረች በአፍንጫዋ አየር ሳበች፤ ስድስት እየቆጠረች ቀስ ብላ አስወጣች። የዳዊትን መዝሙርም በልባችን ደገምን፤ ይህን ጊዜ ግን እንደ ዋስትና ሳይሆን እንደ ልጅ ልመና ነበር። በመካከል አውሮፕላኑ ተንገጫገጨ። ጥፍሯ በእጃችን ላይ ተተከለ። «ጣና ነው፤ ማዕበል ነው» አለች ለራሷ። በአዘዞ ማረፊያ ጎማው መሬት ሲነካ ምንም አልተናገረችም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከአባቷ መቃብር ላይ ተንበርክካ ግን፣ «አባዬ፣ መጣሁ» አለች።

እኅታችን ዛሬም ትፈራለች። ግን ትሄዳለች። ጀግንነት ያለ ፍርሃት መሄድ አይደለም። ፍርሃትን ይዞ መሄድም ጀግንነት ነው።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነውን ለእናንተ እንተው። በመጀመሪያ፣ አንተ የምትፈራው ወንድም ሆይ፣ አንቺም እኅት፣ ፍርሃታችሁን አትደብቁ። ጴጥሮስ የዳነው ጮኾ ነው፤ ዝም ብሎ አይደለም። ለንስሐ አባታችሁ፣ ለጓደኛችሁ፣ ለአስተናጋጇም ቢሆን ንገሩ። የሥጋ ድንጋጤ ወደ ላይ ወጥቶ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በራሱ የሚበርድ መሆኑን እወቁ። በሸሸነው ቁጥር ግን ፍርሃቱ ያድጋል፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት መቅረብ ይሻላል። በዋዜማው በቂ እንቅልፍ መተኛት፣ ቡና አለማብዛት ይረዳል። መጠጥ ግን ፍርሃትን አያድንም፤ ከመድኃኒት ጋር ሲቀላቀልማ አደገኛ ነው። ፍርሃቱ ኑሮን የሚያውክ ከሆነ የአእምሮ ሐኪምን ማማከር የእምነት ማነስ አይደለም፤ ጳውሎስ መርከበኛውን እንደ ፈለገ ማለት ነው።

ሁለተኛም፣ እኛ የማንፈራው፣ ወይም ሌላ ነገር እየፈራን የደበቅነው፣ አፋችንን እንቆጣጠር። በዘመናችን ስንት ቤተሰብ ባሕር ማዶ ተበትኗል? በዋሽንግተን ያለ ወንድም፣ በዓረብ አገር ያለች እናት፣ በአውሮፓ ያለ ልጅ በአውሮፕላን ካልሆነ እንዴት ይገናኛሉ? አንድ ሰው ከመሳፈሪያው በር ቢመለስ ከኋላው የሚቀረው ባዶ ወንበር ብቻ አይደለም፤ ከማዶ የሚጠብቅ ዐይን አለ። ከመካከላችን «እፈራለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ከጥቅስና ከተረት በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፦ «አብሬህ ልሂድ?»

በሰማይም፣ በምድርም፣ በባሕርም የሚጠብቅ አምላክ እንደማንወድቅ ሳይሆን፣ ብንወድቅም ከእጁ እንደማንወጣ ተስፋ ሰጥቶናል። በመጋቢት 1 ቀን ያረፉትን ነፍሳት በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ለሚፈሩት ልብን፣ ለእኛም የሚዘረጋ እጅን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።